የሰሊጡ ደረጃ በማሽኑ ቀመር ይወሰናል፤ ቀመሩን ማን ይጠብቀው?

ገንዳ ውኃ፦ በምዕራብ ጎንደር ዞን ቆላማ ወረዳዎች ሰሊጥ የዓመት ተስፋ ነው። የመተማ፣ የቋራና የምዕራብ አርማጭሆ አርሶ አደር ክረምቱ ሲገባ ይዘራል፤ ያርማል፤ ፍሬው ከመርገፉ በፊት ያጭዳል፤ ነዶውን በሂላ አቁሞ ያደርቃል፤ አራግፎም በጆንያ ይሞላል። በዚህ ሁሉ ሂደት የሚያየውና የሚዳስሰው ነገር አለ። ምርቱ ከእጁ ወጥቶ ማበጠሪያ ማሽን ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ዕጣው የሚወሰነው በጥቂት ቁጥሮች ነው፦ በማራገቢያው ፍጥነት፣ በወንፊቱ ቀዳዳ ስፋት፣ በንዝረቱ ልክ፣ በሰዓት በሚገባው ኩንታል።

እነዚህ ቁጥሮች ተሰብስበው በማሽኑ መቆጣጠሪያ ውስጥ ሲቀመጡ በሙያው ቋንቋ «ሬሲፒ» ይባላሉ። በዚህ ጽሑፍ «የማሽን ቀመር» እንላቸዋለን። በክልሉ ስለ አግሮ ኢንዱስትሪ ሲነሳ ስለ ማሽን ግዥና ስለ ጥሬ ዕቃ አቅርቦት ብዙ ይባላል። ማሽኑ በምን ቀመር እንደሚሠራ፣ ቀመሩ የት እንደተቀመጠና ማን ሊለውጠው እንደሚችል ግን እምብዛም አይጠየቅም። ጉዳዩ የቴክኒክ ባለሙያዎች ብቻ ይመስላል፤ ኪሳራው ሲመጣ ግን የሚያርፈው በአምራቹም፣ በነጋዴውም፣ በሸማቹም ላይ ነው።

ቀመር ሲባል ምን ማለት ነው?

ባልትና የምታውቅ እናት በርበሬ ስታዘጋጅ የቅመሙን ዓይነትና መጠን፣ የሚቀድመውንና የሚከተለውን፣ የሚደርቅበትንና የሚታመስበትን ጊዜ ለይታ ታውቃለች። ዕውቀቷ በጽሑፍ አልሰፈረም። ልጇ አጠገቧ ሆና ካልተማረች፣ ቅመሙ ሁሉ ተሟልቶ እያለ በርበሬው የቀድሞ ጣዕሙን ያጣል። በአንድ ቤት ጓዳ ይህ ትንሽ ጉዳት ሊሆን ይችላል። በቀን ብዙ ሺህ ኩንታል ወይም ሊትር በሚያልፍበት ፋብሪካ ግን ትልቅ ኪሳራ ነው።

ለዚህም ነው እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣውና በብዙ አገሮች የሚሠራበት «አይኤስኤ 88» የተሰኘው ደረጃ አንድ ቀመር ምን ምን መያዝ እንዳለበት የደነገገው። በመጀመሪያ መለያው ነው፤ ስሙ፣ ስንተኛ እትም እንደሆነ፣ ማን እንዳዘጋጀውና መቼ እንደጸደቀ ይመዘገባል። ቀጥሎ መጠኑ ነው፤ የጥሬ ዕቃው ልክ፣ ሙቀቱ፣ ፍጥነቱና ጊዜው። ከዚያ የሥራው ቅደም ተከተል ይመጣል። በመጨረሻም ቀመሩ የሚፈልገው መሣሪያ ይገለጻል።

ይኸው ደረጃ ሌላም ጠቃሚ ልዩነት አስቀምጧል። «ዋና ቀመር» አለ፤ «የዕለቱ ቀመር» አለ። ዋናው እንደ ሰነድ ተጠብቆ የሚቀመጥ ነው። የዕለቱ ከዋናው ተቀድቶ ለዚያ ቀን ምርት የሚሠራበት ነው። ኦፕሬተሩ እንደ ሰሊጡ ሁኔታ የዕለቱን ቢያስተካክልም ዋናው አይነካም። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ግን የአንድ ቀን ማስተካከያ ለወሩ ሁሉ ምርት መመሪያ ሆኖ ይቀራል።

አንድ በመቶ ስንት ነው?

የሰሊጥ ፍሬ በጣም ትንሽ ነው። ሺህ ፍሬ በአማካይ 3 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ በአንድ ኩንታል ውስጥ ከ30 ሚሊዮን በላይ ፍሬ አለ ማለት ነው። ማሽኑ ይህን ሁሉ ከገለባ፣ ከአፈር፣ ከጠጠርና ከባዕድ ዘር መለየት አለበት።

ሥራው በደረጃ ይከናወናል። መጀመሪያ ወንፊቶች ትልልቁን ቆሻሻ ከላይ፣ ደቃቁን አሸዋ ከታች ይለያሉ፤ ማራገቢያው ገለባና አቧራውን ይወስዳል። ቀጥሎ የሚንቀጠቀጠውና ከሥሩ አየር የሚነፋበት ገበታ ጠጠሩን ከፍሬው ይለያል። በመጠን እኩል ሆነው በክብደት የሚለያዩትን፣ ለምሳሌ ፍሬ ያልያዘውን ልል ሰሊጥ፣ ሌላ ገበታ ያወጣቸዋል። በመጨረሻም በቀለም መለያው ማሽን ካሜራዎች የሚወርደውን ፍሬ ይቃኛሉ፤ የጠቆረውን ወይም ቀለሙ የተለየውን ከሴኮንድ እጅግ ባነሰ ጊዜ በአየር ግፊት ያስወጣሉ። ምን ያህል የጠቆረ ፍሬ እንደ ብልሽት ይቆጠር? መልሱ በቀለም መለያው ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር ነው።

ማራገቢያው ከልክ በላይ ከፈጠነ ጥሩ ፍሬ ከገለባ ጋር አብሮ ይወጣል። ከዘገየ ደግሞ ቆሻሻው ከፍሬው ጋር ይቀራል። የመጀመሪያው የሚዛን ኪሳራ ነው፤ ሁለተኛው የደረጃ ኪሳራ። በአንድ ዘመን 20 ሺህ ኩንታል የሚያበጥር ድርጅት ቢኖር ብለን እናስብ። በተሳሳተ ቀመር ምክንያት ከመቶ አንድ እጅ ጥሩ ፍሬ ከገለባ ጋር ቢወጣ የሚጠፋው 200 ኩንታል ነው። ይህ የብዙ አባወራ የዓመት ምርት ነው።

የደረጃው ኪሳራም ቀላል አይደለም። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሰሊጥን በመነሻ አካባቢውና በጥራቱ ይመድባል። የመተማ አካባቢ ሰሊጥ የሚመደበው «የሁመራ ጎንደር» ተብሎ በሚታወቀው ነጣ ያለ ሰሊጥ ውስጥ ነው። ነጣ ማለቱና ንጽሕናው የገበያ ስሙ ናቸው። ይህን ስም ተፈጥሮና አርሶ አደሩ ሰጥተውታል፤ በቸልታ የተቀመጠ ቀመር ግን ሊያበላሸው ይችላል።

አንድ ቀመር ለሁሉም ሰሊጥ አይሆንም። ገና ሳይደርቅ የመጣና ርጥበት የያዘ ፍሬ ይከብዳል፤ በደንብ የደረቀው ይቀላል። በአንድ የማራገቢያ ፍጥነት ሁለቱን እኩል ማበጠር አይቻልም። ስለዚህ በመኸሩ መጀመሪያ ለሚገባ ምርት አንድ፣ በመጨረሻ ለሚገባው ሌላ፣ አፈር ለበዛበት ደግሞ ሦስተኛ ቀመር ያስፈልጋል። ቀመሩ በበዛ ቁጥር በሥርዓት የማስቀመጡ ነገር ይከብዳል።

ቀመር የሚጠፋባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው መንገድ ሰው ነው። ማሽኑን ለዓመታት ያንቀሳቀሰ ኦፕሬተር ድምፁን ሰምቶ፣ ገለባውን በእጁ ዘግኖ አይቶ ፍጥነቱን ያስተካክላል። ይህ ትልቅ ሙያ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ በአእምሮው ወይም በኪስ ደብተሩ ብቻ ካለ፣ እርሱ የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲሄድ ወይም ሲታመም ድርጅቱ የዓመታት ልምዱን አብሮ ያጣል። ተተኪው ከዜሮ ይጀምራል፤ የሙከራው ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው በሰሊጥ ነው።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይል ነው። ፒኤልሲ በመባል የሚታወቀው የማሽኑ መቆጣጠሪያ በቆዩት ዓይነቶቹ ላይ ቀመሩን የሚይዘው በትንሽ ባትሪ በሚጠበቅ የማስታወሻ ክፍል ነው። ባትሪው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያልቃል። ያለቀ ባትሪ ባለበት ኃይል ሲቋረጥ በውስጡ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። አዳዲሶቹ ያለ ባትሪ የሚያስታውሱ ቢሆኑም፣ በመጻፍ ላይ እያሉ ኃይል ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። በሙቀትና በአቧራ በሚፈተን ቆላማ አካባቢ ደግሞ የመቆጣጠሪያው ስክሪን ራሱ ቶሎ ሊጎዳ ይችላል። ስክሪኑ ሲቀየር በውስጡ የነበረው ቀመር ቅጂ ከሌለው አብሮ ይጣላል።

ሦስተኛው ሻጩ ነው። ማሽኑን ከውጭ አገር ያመጣው ድርጅት የመቆጣጠሪያውን የይለፍ ቃልና ፕሮግራሙን ለገዥው ካላስረከበ፣ ባለማሽኑ የራሱን ንብረት ቁጥር ለማየት እንኳን ባሕር ማዶ መደወል ሊኖርበት ነው። በመኸር ወቅት ሁለት ሳምንት መጠበቅ ማለት ገበያው ማለፉ ነው።

አራተኛው የቅጂ መብዛት ነው። በስክሪኑ ላይ «ሰሊጥ»፣ «ሰሊጥ አዲስ»፣ «ሰሊጥ የተስተካከለ»፣ «ሰሊጥ የመጨረሻ» የሚሉ አራት ቀመሮች ተደርድረው ሲገኙ ትክክለኛው የትኛው ነው? የሌሊቱ ፈረቃ አንዱን፣ የቀኑ ሌላውን ይመርጣል። ቀመሩ አልጠፋም፤ ግን እንደጠፋ ይቆጠራል።

አንድ ነጥብ ቢሳሳት

ነገሩ ከሰሊጥ ማበጠሪያ አልፎ የእያንዳንዱን አርሶ አደር ማሳ እንደሚነካ ለማየት የአፈር ማዳበሪያን እንውሰድ። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ የአገሪቱን የአፈር ለምነት መረጃ የማሰባሰብ ሥራ ተጀምሮ፣ የጎደለው ንጥረ ነገር በየአካባቢው ከተለየ በኋላ፣ በዳፕ ምትክ ድኝ፣ ቦሮንና ዚንክ የታከለባቸው ማዳበሪያዎች መጡ። ማዳበሪያውን በአገር ውስጥ ቀላቅለው እንዲያዘጋጁም ባሕር ዳር ያለውን መርከብ ዩኒየንን ጨምሮ ለአምስት የገበሬዎች የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች መቀላቀያ ፋብሪካዎች ተቋቋሙ።

መቀላቀያ ፋብሪካ ማለት በአጭሩ በቀመር የሚሠራ ትልቅ ሚዛን ነው። ኤንፒኤስቢ በሚባለው ማዳበሪያ ውስጥ የቦሮን ድርሻ 0.1 በመቶ ነው፤ በአንድ ኩንታል 100 ግራም ማለት ነው። ቦሮን ለሰብል የሚያስፈልገውም የሚጎዳውም በጣም በተቀራረበ መጠን ነው። በቀመሩ ላይ 0.1 የነበረው ነጥቡ ተዛንፎ 1 ቢሆን፣ ማሽኑ ያለ አንዳች ጥርጥር አሥር እጥፍ ይጨምራል። ማሽን አይጠራጠርም፤ የታዘዘውን ይፈጽማል። ስለዚህ ቁጥሩን አንድ ሰው ብቻውን ሊለውጠው መቻል የለበትም። አንዱ ሲያዘጋጅ ሌላው ማጽደቅ ይኖርበታል፤ መቆጣጠሪያውም ከተወሰነ ወሰን በላይ የሆነን ቁጥር እንዳይቀበል ተደርጎ መሠራት አለበት።

የዘይት ፋብሪካዎቹ ጉዳይ

በ2013 ዓ.ም በቡሬ ፊቤላ ኢንዱስትሪያል፣ በደብረ ማርቆስ ደብልዩ ኤ የምግብ ዘይት ፋብሪካዎች ተመርቀዋል፤ በዚያው ዓመት የቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክም ተመርቋል። ፊቤላ ሲመረቅ የተገለጸው የማምረት አቅሙ በቀን 1 ነጥብ 5 ሚሊዮን ሊትር ነበር። የእነዚህ ፋብሪካዎች ዋና ፈተና የጥሬ ዕቃ እጥረት እንደሆነ ሲነገር ቆይቷል። የምዕራብ ጎንደር ሰሊጥና አኩሪ አተር በዚህ ተስፋ ውስጥ ትልቅ ቦታ አላቸው።

ነገር ግን ከውጭ ከሚገባ ድፍድፍ የፓልም ዘይት ወደ አኩሪ አተር፣ ከአኩሪ አተር ወደ ሰሊጥ መሸጋገር ዘሩን በመለወጥ ብቻ አያበቃም። ሰሊጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ዘይት ነው፤ አኩሪ አተር ግን አንድ አምስተኛ ገደማ ብቻ። የዘሩ ማሞቂያ፣ የመጭመቂያው ፍጥነት፣ የዘይቱ ማጣሪያ ሙቀትና ጊዜ ሁሉ ይለያያል። ጥሬ ዕቃው በተቀያየረ ቁጥር ቀመሩ ይቀያየራል። ባለፈው ዓመት በአኩሪ አተር የተገኘው ጥሩ ውጤት በቀመር ተመዝግቦ ካልተቀመጠ፣ ዘንድሮ ምርቱ ሲደርስ ፋብሪካው እንደገና ሊሞክር ነው። የአቅርቦቱ መቆራረጥ እንግዲህ ቀመርን የመጠበቅን ጥቅም ያጎላዋል እንጂ አይቀንሰውም።

ገዥው የሚጠይቀው ማስረጃ

የዓለም ገበያ ዛሬ ከዕቃው ጋር ታሪኩንም ይጠይቃል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ደንብ ከኢትዮጵያ የሚገባን ሰሊጥ በሳልሞኔላ ባክቴሪያ ስጋት ምክንያት ጠበቅ ያለ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ምርቶች መካከል አስገብቷል። ሳልሞኔላ በማበጠር አይወገድም። መከላከያው ከሂላው ጀምሮ ምርቱን ከአፈርና ከእንስሳት እዳሪ መጠበቅ ነው፤ በፋብሪካ ደረጃ ደግሞ በእንፋሎት ወይም በሙቀት ማከም ይቻላል። በዚህ ሕክምና ሙቀቱና ጊዜው ቀመር ናቸው። ገዥው «በስንት ዲግሪ፣ ለስንት ደቂቃ?» ብሎ ሲጠይቅ የተመዘገበ መልስ ከሌለ ሥራው ቢሠራም እንዳልተሠራ ይቆጠራል።

ከሌላ አገር የተገኘ ትምህርትም አለ። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 ከሕንድ ወደ ቤልጂየም በገባ ሰሊጥ ውስጥ ኤቲሊን ኦክሳይድ የተባለ የተከለከለ ኬሚካል ከተገኘ በኋላ በመላው አውሮፓ ሰሊጥ የነካቸው እጅግ ብዙ ምርቶች ከመደርደሪያ ተሰብስበዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ የትኛው ጆንያ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ቀመር፣ ወደየትኛው ምርት እንደገባ መዝግቦ የያዘ ድርጅት ያንን ለይቶ ይመልሳል። ያልመዘገበው ግን ሁሉንም ሊመልስ ይገደዳል። ቀመር ከምርት መለያ ቁጥር ጋር ተሳስሮ ሲመዘገብ ለችግር ቀን መከታ ነው።

«መጀመሪያ መብራቱ ይምጣ»

ለዚህ ሁሉ የሚሰጥ መልስ አለ፤ ሚዛን የሚደፋም ነው። መብራት በሚቆራረጥበት፣ ጸጥታው በሚፈትንበት፣ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም በሱዳን የተቀሰቀሰው ጦርነት የድንበሩን ንግድ ባወከበት ጊዜ ስለ ማሽን ቀመር አቀማመጥ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። ወደ ሱዳን የተዘረጋው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር የሚያልፍበት አካባቢ ነዋሪ አስተማማኝ ኃይል እንዲያገኝ መጠየቁም ተገቢ ነው። የተጠበቀ ቀመር ጥሬ ዕቃ አይሆንም፤ መንገድ አይከፍትም፤ የተሳሳተ ቀመርም በጥንቃቄ ስለተቀመጠ ትክክል አይሆንም።

ይሁን እንጂ ቀመርን መጠበቅ ከሌሎቹ ችግሮች ሁሉ በዋጋ የሚያንስ መፍትሔ ነው። አንድ መዝገብ፣ ሁለት ፍላሽና የአንድ ቀን ሥራ ይበቃዋል። ትላልቅ ፋብሪካዎች ቀመሮቻቸውን በሰርቨር አስቀምጠው ወደየማሽኑ ሊልኩ ይችላሉ፤ ለአንድ ማበጠሪያ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ኃይሉ የሚቆራረጥና ሠራተኛው የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ቀመሩን አስቀድሞ መጠበቅ የሚያስፈልገው እንዲያውም በዚህ ምክንያት ነው። የምርምር ማዕከላት እንደ ሁመራ 1 እና ሰቲት 1 ያሉ የሰሊጥ ዝርያዎችን ሲያወጡ የዘሩን መጠን፣ የመስመሩን ርቀትና የማዳበሪያውን ልክ በጽሑፍ ያስረክባሉ። አርሶ አደሩ በጽሑፍ በተቀመጠ ምክር እንዲያርስ የሚጠየቅ ከሆነ፣ ምርቱን የሚቀበለው ማሽንም በጽሑፍ በተቀመጠ ቀመር መሥራት ይገባዋል።

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ ማንኛውም ማበጠሪያ፣ መጭመቂያ ወይም መቀላቀያ ድርጅት ከመኸሩ በፊት የማሽኑን ቀመሮች ሁሉ በወረቀት ይገልብጥ፤ ከማሽኑ ውጭም ሁለት ቅጂ ያስቀምጥ። ከሁለቱ አንዱ ከፋብሪካው ግቢ ውጭ ቢሆን ይመረጣል።

ሁለተኛ፣ ለቀመር የሚሰጠው ስም ሁሉም የሚረዳው ይሁን፤ የምርቱ ዓይነት፣ የርጥበቱ ሁኔታ፣ የእትሙ ቁጥርና ቀኑ ይካተቱበት። የማይሠራበት ከስክሪኑ ይነሳና በመዝገብ ይቆይ።

ሦስተኛ፣ ማየት፣ መጠቀምና መለወጥ ይለያዩ። ኦፕሬተሩ ቀመሩን ይምረጥ፤ የጥራት ባለሙያው ይለውጥ፤ ኃላፊው ያጽድቅ። ማን፣ መቼ፣ ምን እንደለወጠና ለምን እንደለወጠ ይጻፍ።

አራተኛ፣ የተለወጠ ቀመር በጥቂት ኩንታል ተሞክሮ፣ የወጣው ገለባ ጭምር ታይቶና ተመዝኖ እንጂ በሙሉ ምርት ላይ በቀጥታ አይተግበር።

አምስተኛ፣ የማሽን ግዥ ውል ሲፈረም የይለፍ ቃሉ፣ የመቆጣጠሪያው ፕሮግራምና የቀመሩ ቅጂ ርክክብ በውሉ ይግባ። የመቆጣጠሪያው ባትሪ በጊዜው ይቀየር፤ ኃይል ሲቋረጥ በሥርዓት እንዲዘጋ ዩፒኤስ ይኑረው።

ስድስተኛ፣ የኦፕሬተሩ ሙያ ይከበር። ጥሩ ቀመር የሚወለደው ከእርሱ ልምድ ነው። ዕውቀቱን ለድርጅቱ ሲያካፍል የሚያገኘው ጥቅም ካልታየው ደብተሩን ደብቆ ቢይዝ አይፈረድበትም። የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ተቋማትም ኤሌክትሪክና መካኒክ ሲያስተምሩ የቀመር አያያዝን ቢጨምሩ፣ የአካባቢው ወጣት በአካባቢው ማሽን ላይ ይሠለጥናል።

የኅብረት ሥራ ማኅበር አባል የሆነ አርሶ አደርም ድርሻ አለው። በጠቅላላ ጉባኤ ላይ ሂሳብ ሲጠየቅ አብሮ መጠየቅ ይችላል፦ ምርታችን ሲበጠር ከገለባው ጋር ምን ያህል ፍሬ ወጣ? ቀመሩ የት ተቀምጧል? ኦፕሬተሩ ነገ ባይመጣ ማን ይተካዋል? እነዚህን ለመጠየቅ የኮምፒውተር ዕውቀት አያስፈልግም።

የመተማና የአካባቢው ሰሊጥ ስሙን ያገኘው በመሬቱና በአርሶ አደሩ እጅ ነው። ያ ስም በማሽን ውስጥ አልፎ ወደ ዓለም ገበያ ሲወጣ እንዳይጠፋ፣ ማሽኑ የሚታዘዝባቸው ቁጥሮች እንደ ዘር ተመርጠው፣ እንደ ዘርም ለከርሞ ሊቀመጡ ይገባል።